የ36 ወር ሒሳብ፦ አንድ የቀድሞ ወታደር የፎቶግራፍ ኮሌጅ ሲመርጥ

የእህቴ ልጅ በ2023 ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሲሰናበት ይዞ የመጣው አንድ የጀርባ ሻንጣ፣ ያገለገለ ካሜራ ከሁለት ሌንሱ ጋር፣ እና በፕላስቲክ የተሸፈነ አንድ ወረቀት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ወረቀቱ ዲዲ 214 የሚባለው የስንብት ማስረጃ ነው። እናቱ እንደ ሰርግ ፎቶ በፍሬም አድርጋ ሳሎን ልትሰቅለው ስትል «እማዬ፣ ይህ እኮ የትምህርት ቤት ክፍያዬ ነው» ብሎ ከእጇ ወሰደው። እውነቱን ነበር። በዚያ ወረቀት የሚገኘው፣ ለቀድሞ ወታደር የትምህርት ወጪ የሚከፍለው የጂአይ ቢል ሕግ መብት ብዙ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገኘው ሀብት ነው። እንዴት እንደሚባክን ስላየሁ፣ እኛ ምርጫውን ያደረግንበትን መንገድ ከነዝርዝሩ ልጻፈው።

ልጁ ወደ ጦሩ የገባው ማቭኒ በተባለው መርሐ ግብር ነው። በ2009 ሥራ የጀመረው ይህ መርሐ ግብር ግሪን ካርድ ያልያዙ፣ ነገር ግን በሕጋዊ መንገድ አሜሪካ የሚኖሩ ሰዎች ጦሩ የሚፈልገው ቋንቋ ወይም የሕክምና ሙያ ካላቸው እንዲቀጠሩና ቶሎ ዜግነት እንዲያገኙ ይፈቅድ ነበር። ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በ2016 አዲስ መቀበል ከማቆሙ በፊት ስንት የሀገራችን ልጅ በእናቱ ቋንቋ ዜግነት አግኝቷል! የእህቴም ልጅ በተማሪ ቪዛ መጥቶ፣ በአማርኛው ተፈትኖ ገባ፤ ዜጋ ሲሆን ደግሞ እናቱን አስመጣ። ስምንት ዓመት ያገለገለው በስንቅና ትጥቅ ክፍል ነው። ይሁን እንጂ ማዕረግ ሲሰጥ፣ አዛዥ ሲቀየር፣ ወታደር ከስምሪት ሲመለስ «ካሜራህን ይዘህ ና» ይሉት ነበር። ሲሰናበት «ጋሼ፣ እኔ ፎቶግራፍ ነው የምማረው» አለኝ። እናቱ በኢትዮጵያ እንደምናውቀው ዓይነት ጉርድ ፎቶ የሚያነሳ ፎቶ ቤት መስሏት አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች።

ኮሌጅ ፍለጋ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ስልኩ መጮህ ጀመረ። በኢንተርኔት ስሙንና «የቀድሞ ወታደር» የሚለውን ሳጥን ሞልቶ የላከለት አንድ የግል የጥበብ ትምህርት ቤት በቀን አራት አምስት ጊዜ ይደውልለት ነበር። ስሙን አልጠራውም። ከደወለው ሰው ትህትና ብዛት የተነሳ ልጁ ሊፈርም ደርሶ ነበር። በፖስታ የላኩለት ባለቀለም መጽሔት ሽፋን ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት ካሜራ ይዞ ፈገግ ብሏል፤ ከበላዩ ባንዲራ፣ ከበታቹ «ለቀድሞ ወታደሮች ምቹ» የሚል ማኅተም። ማኅተሙን ማን እንደሰጠ ፈለግሁ፤ መጽሔቱ ውስጥ የለም። ስልክ የሚደውለውን ሰው አስጠየቅሁት። እሱም አያውቅም።

በዚያ ምሽት በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብለን ስለ ብሩክስ ኢንስቲትዩት ነገርኩት።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ባርባራ በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ኧርነስት ብሩክስ የተባለ ሰው በ1945 የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ከፈተ። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያበቃበት ዓመት ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የመጀመሪያውን ጂአይ ቢል የፈረሙት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጁን 22፣ 1944 ነበር። ሕጉ ለትምህርት፣ ለመጽሐፍና ለመሣሪያ በዓመት እስከ 500 ዶላር፣ ላላገባ ተማሪ ደግሞ በወር 50 ዶላር የመኖሪያ ድጎማ ይከፍል ነበር። በዚያ ዘመን 500 ዶላር የታላላቆቹን ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ ይሸፍናል። ከጦር ሜዳ የመጡ ወጣቶች የብሩክስን ክፍሎች ሞሉ። ትምህርት ቤቱ በእውነትም ለቀድሞ ወታደር የተሠራ ነበር፤ ማኅተም አላስፈለገውም። የመሥራቹ ልጅ፣ በባሕር ውስጥ ፎቶግራፍ ስሙ የገነነው ኧርነስት ብሩክስ ዳግማዊ፣ ከአባቱ ተረክቦ መራው። «ከብሩክስ ነው የተመረቅሁት» ማለት በሙያው ክብር ነበረው።

በ1999 ግን ትምህርት ቤቱ ካሪየር ኤዱኬሽን ኮርፖሬሽን ለተባለ፣ አክሲዮኑ በገበያ ለሚሸጥ ኩባንያ ተሸጠ። ሰው ሁሉ ስለ መዘጋቱ ሲያወራ 2016ን ነው የሚጠራው። እኔ የማስበው ነገሩ የተቆረጠው በ1999 እንደሆነ ነው። የትምህርት ቤት ባለቤት ለባለአክሲዮን መልስ መስጠት ሲጀምር፣ የተማሪው ቁጥር በየዓመቱ ማደግ አለበት። ለፎቶግራፍ አንሺ ያለው ሥራ ግን በተማሪው ቁጥር ልክ አያድግም፤ እንዲያውም የዲጂታል ካሜራ መምጣትና የጋዜጦች መዳከም በዚያው ሰሞን ሥራውን እያጠበበ ነበር። በ2005 የካሊፎርኒያ የግል ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ቢሮ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎችን ስለ ሥራ ዕድልና ስለ ገቢ አሳስቷል ብሎ መዘገበ። የቢሮው ሠራተኛ ተማሪ መስሎ ገብቶ የተነገረውን ሰምቶ ነበር። ኩባንያው ተከራከረ፣ ትምህርት ቤቱም ቀጠለ። በ2015 እንደገና ተሸጠ። የገዛው ለውጭ ሀገር ተማሪዎች ማረፊያ ቤተሰብ የሚያገናኝ ድርጅት ነው። ወደ ቬንቹራ ከተማ መሃል ሊገባ፣ አዲስ ሕይወት ሊዘራ ነው ተባለ። በ2016 ኦገስት፣ የአዲሱ ወቅት ትምህርት ሊጀመር ሲል፣ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ሰባ አንድ ዓመት የቆየ ቤት በሩን ዘጋ።

ልጁ እስኪበቃው ዝም ብሎ ሰማኝና «እንደዚህ ያረጀ ትምህርት ቤት ከወደቀ ታዲያ ማንን አምናለሁ?» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በትምህርት ቤቱ ዕድሜ ወይም ስም ውስጥ የለም፤ በሰውየው ኪስ ውስጥ ባለው ወር ነው።

አሁን ያለው ጂአይ ቢል፣ ከ2009 ኦገስት ጀምሮ የሚሠራው፣ ገንዘብን ብቻ አይሰጥም፤ 36 ወር ይሰጣል። የሚቆጠረው በወርና በቀን ነው። ሙሉ ጊዜ በተማርክበት በእያንዳንዱ ወር አንድ ወር ይነሳል፣ ክፍያው ትንሽም ይሁን ትልቅ። ይህ ብዙዎች የማያስተውሉት ቦታ ነው። በሙሉ መብት ላይ ያለ ሰው በሚኖርበት ግዛት የመንግሥት ኮሌጅ ቢገባ የትምህርት ክፍያው ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል። የግል ኮሌጅ ከሆነ ግን በዓመት ጣራ አለው፤ በ2024–25 የትምህርት ዘመን ከ28 ሺህ 900 ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን የሎው ሪበን በተባለው ስምምነት ኮሌጁና የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት እኩል ይካፈሉታል። ነገር ግን ስንት ተማሪ እንደሚቀበልና በዓመት ስንት ዶላር እንደሚያዋጣ የሚወስነው ኮሌጁ ራሱ ነው። ስለዚህ መጽሔቱ ላይ «የሎው ሪበን አለን» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግርህም፤ «ለስንት ሰው፣ በስንት ዶላር?» ብለህ ካልጠየቅህ። የመኖሪያ ቤት ድጎማው በኮሌጁ አካባቢ ይሰላል። በዋሽንግተን ዙሪያ በወር ወደ 3 ሺህ ዶላር ይደርሳል፤ በኢንተርኔት ብቻ ለሚማር ግን የሀገር አቀፉ አማካይ ግማሽ ነው። አንዲት ክፍል በአካል መግባት ይህን ልዩነት ታመጣለች። በሴሚስተር መካከል ላለው ዕረፍት ደግሞ አይከፈልም፤ ዲሴምበር ላይ ጃንዋሪን ያላሰበ ሰው ኪራይ ያጥረዋል። ለመጽሐፍ በዓመት እስከ 1 ሺህ ዶላር አለ። ለካሜራ፣ ለሌንስ፣ ለፍላሽ፣ ለኮምፒውተር ግን አይበቃም። ለፎቶግራፍ ተማሪ ይህ ትልቅ ቀዳዳ ነው፣ የ1944ቱ ሕግ ለመሣሪያ ያስብ ነበርና። በአገልግሎት ላይ ጉዳት ደርሶበት የተመዘገበለት ሰው ግን ሌላ መንገድ አለው፦ የሙያ ማቋቋሚያው መርሐ ግብር አማካሪው ካጸደቀለት ለሙያው የሚያስፈልገውን መሣሪያ ይከፍላል። ጉልበቱ ወይም ጆሮው የተጎዳ ወጣት ሁሉ ጂአይ ቢልን ከመንካቱ በፊት ይህን በር ማንኳኳት አለበት እላለሁ።

አሁን ወደ ብሩክስ እንመለስ። ኮሌጅ ሲዘጋ የመንግሥት የትምህርት ብድር የነበረበት ተማሪ ብድሩ እንዲሰረዝለት የሚጠይቅበት ሕግ ነበረው። በጂአይ ቢል የሚማረው ግን የተጠቀመበት ወር ተመላሽ አልነበረም። ጓደኛው ዕዳው ሲሰረዝለት፣ ወታደሩ ስምንትና ዘጠኝ ወሩን ከነሕልሙ ያጣል። ኮሪንቲያን የተባሉት ኮሌጆች በ2015፣ አይቲቲ ቴክ ደግሞ በ2016 ሲዘጉ ይህ ግፍ በብዙ ሺህ ሰው ላይ ስለደረሰ ኮንግረስ በ2017 ሕጉን አሻሻለ። በኦገስት 16፣ 2017 የተፈረመው ሕግ ከ2015 መጀመሪያ ወዲህ ኮሌጃቸው የተዘጋባቸው ወታደሮች የባከነ ወራቸው እንዲመለስላቸው ፈቀደ። ከጃንዋሪ 2013 ወዲህ ለተሰናበቱትም መብቱ ጊዜ የማያልፍበት ሆነ። ደግ ሕግ ነው። ብሩክስ ሲዘጋ ግን አልነበረም፤ በመሃል ያለው አንድ ዓመት ለሚጠብቀው ሰው አጭር አልነበረም።

ሌላው ነገር እውቅና ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች እውቅና የሚያገኙት ከመንግሥት ሳይሆን መንግሥት ከሚቀበላቸው ድርጅቶች ነው። አይቲቲና ብዙዎቹ የኮሪንቲያን ኮሌጆች እውቅና ያገኙት ኤሲአይሲኤስ ከተባለው ድርጅት ነበር፤ የትምህርት ሚኒስቴሩ በ2016 መጨረሻ የዚያን ድርጅት ተቀባይነት አነሳ። ትርጉሙ ለተማሪው ምንድን ነው? የክልል የሚባለው እውቅና ያላቸው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ኤሲአይሲኤስ ካለ ሌላ ድርጅት እውቅና ካገኘ ኮሌጅ የመጣን ክሬዲት ብዙ ጊዜ አይቆጥሩም። ወር ተከፍሎበት የተገኘ ክሬዲት በሌላ በር ካልገባ፣ ወሩ ከነክሬዲቱ ጠፋ ማለት ነው። ያ በቀን አምስት ጊዜ የሚደውለው ትምህርት ቤት ጋር የነበረን ንግግር ያበቃው እዚህ ላይ ነው። ልጁ «ከእናንተ ዘንድ ሁለት ዓመት ተምሬ ብወጣ፣ የትኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክሬዲቴን ይቀበላል? በጽሑፍ ላኩልኝ» አላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኩ ጸጥ አለ።

ገንዘብ ፍለጋ ወታደርን የማሳደዱ ነገር ዛሬ የመጣ አይደለም። ከ1944 ሕግ በኋላ የጂአይ ቢልን ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ የተከፈቱ የሙያ ትምህርት ቤቶች በዝተው ስለነበር፣ በ1952 ለኮሪያ ዘማቾች የወጣው ሕግ ተማሪዎቹ በሙሉ በመንግሥት ገንዘብ የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዳይኖር ገደብ አበጀ፤ ከመቶ ቢያንስ 15ቱ በሌላ ገንዘብ የሚማሩ መሆን አለባቸው ተባለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ትምህርቱ ጥሩ ከሆነ ከኪሱ የሚከፍል ሰው አይታጣም። በኋላ ደግሞ ለትርፍ በሚሠሩ ኮሌጆች ላይ ሌላ ገደብ መጣ፤ ከገቢያቸው ከመቶ 90 በላይ ከፌዴራል የተማሪ እርዳታ ሊሆን አይችልም። ጂአይ ቢል ግን ለዓመታት ከሌላ ምንጭ መምጣት ባለበት በቀሪው ከመቶ 10 ወገን ይቆጠር ስለነበር፣ አንድ ወታደር ባስመዘገቡ ቁጥር ከእርዳታው ገንዘብ ዘጠኝ እጥፍ ለመሰብሰብ ቦታ ይከፈትላቸው ነበር። ያንን ቀዳዳ የ2021 ሕግ ደፈነው። የደንብ ልብስ የለበሰው ወጣት መጽሔት ላይ ለምን ፈገግ እንዳለ የገባኝ ይህን ሳውቅ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ፈጠነ። ወደ ኒው ዮርክ ግዛት ሲራኪዩስ አይተን ነበር። እዚያ ኒውሃውስ የሚባለው የመገናኛ ብዙኃን ትምህርት ቤት ከ1963 ጀምሮ በአገልግሎት ላይ ያሉ ወታደሮችን በፎቶግራፍ ጋዜጠኝነት ያሠለጥናል፤ ዩኒቨርሲቲው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በሩን ለተመላሽ ወታደሮች ወለል አድርጎ ስለከፈተ ተማሪው በሦስት እጥፍ ገደማ ጨምሮ ነበር። ወታደርን ማክበር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ቤት ነው። ነገር ግን እናቱን ካመጣት ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጥሏት መሄድ አልፈለገም። እኔም አላስገደድኩትም።

የቀረልን ቅርባችን ያለው ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ነው፤ አሌክሳንድሪያ ባለው ግቢው ፎቶግራፍ ያስተምራል። በዚያ ግቢ መተላለፊያ ላይ አማርኛ ሳትሰማ አንድ ሰዓት አታሳልፍም። ከዚያ በኋላ ሪችመንድ የሚገኘው የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ፣ ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ፣ በጥበብ ትምህርት ቤቱ የፎቶግራፍና የፊልም ዲግሪ አለው፤ በመኪና ሁለት ሰዓት ነው። ሁለቱም የመንግሥት፣ እውቅናቸው አንድ ዓይነት፣ ለቨርጂኒያ ነዋሪ በጂአይ ቢል ሙሉ በሙሉ የሚሸፈኑ።

ከኮሌጁ የወታደሮች ጉዳይ ቢሮ ያገኘናት ሴት፣ በአንድ ኮሌጅ ለወታደር መመቸት የሚታየው በማን እንደሆነ አሳየችን። የእሷ ሥራ ተማሪው የተመዘገበበትን ክፍል ለቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ነው። ልጁ የመረጣቸውን አምስት ክፍሎች አየች፤ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳችና ሁለቱን ሰረዘች። «እነዚህ ለዲግሪህ አይቆጠሩም፤ መሥሪያ ቤቱም አይከፍልም። ብትገባባቸው ዕዳው ያንተ ነው።» ቀጥላ ደግሞ ለሥራ የሚያዘጋጀው የፎቶግራፍ ዲግሪና ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር የሚያዘጋጀው ዲግሪ የተለያዩ መሆናቸውን፣ ሪችመንድ መሄድ ካሰበ ከአሁኑ የዚያን ዩኒቨርሲቲ አማካሪ ማነጋገር እንዳለበት ነገረችው። የማይቆጠረውን ክፍል ስትሰርዝ ኮሌጇ ገንዘብ እያጣ ነበር። እኔ ማኅተም የምለው ያንን ቀይ እስክሪብቶ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ተከራከርን። እኔ ያልኩት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴሚስተሮች ከኪስህ ክፈል፣ ወሩን አትንካ ነው። በኮሌጁ አንድ ክሬዲት 200 ዶላር ገደማ ነው፤ ባለ ሦስት ክሬዲት ሁለት ክፍል ቢወስድ በሴሚስተር 1 ሺህ 200 ዶላር። በርካሹ ኮሌጅ የሚጠፋ ወር በውዱ ዩኒቨርሲቲ ከሚጠፋው ወር እኩል ነው። ፎቶግራፍ ደግሞ ሙያው መሆኑን በክፍል ውስጥ ገና አልፈተነውም። እሱ ደግሞ «ጋሼ፣ በወር 3 ሺህ ዶላር የቤት ድጎማ እየተውኩ እኮ ነው የሚሉኝ!» አለ። ይህም እውነት ነው። ልጆች ያሉት፣ ኪራይ የሚከፍል ሰው ቢሆን ምክሬን አትቀበል እለው ነበር፤ ሁለት ዓመት እዚህ፣ ሁለት ዓመት ሪችመንድ ቢማርበት 36 ወሩ ልክ ይበቃል። እሱ ግን ከእናቱ ጋር እኔ ቤት ምድር ቤት ነው የሚኖረው፤ ኪራይ አልጠየቅሁትም። ማታ ማታ ሬጋን አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራል። ለሁለት ቀን አሰበና ተስማማ። የተረፉት ወራት ለማስተርስ ይሁኑ አለ። ምናልባት ሐሳቡን ይቀይራል፤ ወሩ እስካለ ድረስ መቀየር ይችላል።

ባለፈው ሴሚስተር የብርሃን ትምህርት ክፍል ገባ። የመጀመሪያው የቤት ሥራ በአንድ የብርሃን ምንጭ ብቻ አንድ ዕቃ ማንሳት ነበር። ከሌሊት ሥራው ተመልሶ ሳይተኛ፣ ጎህ ሲቀድ በምድር ቤቱ ትንሽ መስኮት የሚገባውን ብርሃን ጠብቆ የእናቱን ጀበና አነሳ። ከጀርባው ጨለማ፣ በአንዱ ጎኑ ብቻ ሰማያዊ የንጋት ብርሃን፣ በአንገቱ ላይ የጥላሸት መስመር። መምህሩ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ወደ ቤት ሲያመጣው ግን እህቴ መነጽሯን አድርጋ ለረጅም ጊዜ ትክ ብላ አየችው።

«አምስት ጀበና አለኝ» አለች በመጨረሻ፤ «አፉ የተሰበረውን ብቻ አገኘህ?»